የተጨማደደው በርሜል

ስለ ብረት ከሆነ እኔን ጠይቁ። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ብተወውም፣ አባቴ ባቡር ጥገና ቤት ብረት ሲቀጠቅጥ ያረጀ ሰው ነው። ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ይኼን ከጡት ጋር ነው የጠባሁት። በሰፈራችን ከእኔ በላይ ብረት የሚያውቅ የለም።

ያን ሰሞን ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ነበር። ወንድሜ ሣህሉ አልጋ ስር ከገባ ሰንብቷል። እማዬ መጋላ ገበያ ስትወጣ «ድምፅሽ እንዳይሰማ፣ ሰው ወደ ቤት እንዳታስጠጊ» ብላ አስጠንቅቃኛለች።

እኔም ዝም ብዬ ሥራዬን ያዝኩ። የዘይት በርሜል ነበረን፤ ውሃ ልናጠራቅምበት ቅባቱ መልቀቅ አለበት። ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ጣድኩትና ትንሽ ውሃ በሳሙና አፈላሁበት። እንፋሎቱ ሲንፎለፎል፣ ታፍኖ ቅባቱን ይብላው ብዬ እሳቱን ከሥሩ ጎትቼ አወጣሁና ክዳኑን አጠበቅኩት።

ወዲያው ጎረቤታችን ፋርሒያ በአጥር ብቅ አለች። «አንቺ ተሻለች፣ ቦኖው ጋ ውሃ መጥቷል። ወረፋሽን ሊበሉሽ ነው።»

በርሜሉ እጅ አያስነካም። ቶሎ ይብረድልኝና አጥቤው ልሂድ ብዬ ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ ከላዩ ቸለስኩበት።

መድፍ የተተኮሰ መሰለኝ። ዓይኔን ስገልጥ ያ ሁሉ ብረት እንደ ወረቀት ተጨማዷል። የደነገጥኩት ለበርሜሉ አልነበረም፤ የቀበሌው ጥበቃ ጓድ ጉግሳ መሣሪያውን ደግኖ ግቢያችን ገብቷል።

«ማነው ቦምብ የወረወረው?»

«በርሜሉ ነው፣ ጓድ። በራሱ።»

«በርሜል በራሱ ይተኩሳል? ዞር በይ፣ ቤቱ ይፈተሻል።»

በሩ ላይ ቆምኩ። ይኼ መኮማተር ብቻ አይደለም ብዬ አሰብኩ። እንፋሎቱ አየሩን ገፍቶ አስወጣው፤ ሲቀዘቅዝ እሱም ውሃ ሆነ፤ ውስጡ ባዶ ሲቀር የውጪው አየር ጨመቀው። እንዲህ ይሆን? ካልሆነ ሣህሉ አበቃለት።

«ይቆዩ፣ በዓይንዎ ያያሉ» አልኩና ክዳን ያላት የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ውሃ አፈላሁ። ከእሳቱ አውርጄ ከደንኳት። ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስኩባት።

ቆርቆሮዋ ዝም።

ጓድ ጉግሳ «ትቀልጅብኛለሽ?» አለና በሩን ገፋው። የአልጋው ልብስ ጫፍ ታየኝ። ከዚያ ከኋላችን ጯ አለ፤ ቆርቆሮዋ ጎኗ ገባ። ጓድ ጉግሳን መሬት ላይ በደረቱ ተለጥፎ አገኘሁት፤ ቆቡ አመዱ ውስጥ ወድቋል። ፋርሒያ ከአጥሩ ላይ በሻሿ አፏን ይዛ በሳቅ ትንፈቀፈቃለች።

ጓድ ጉግሳ አፍሮ ተነሳ፣ ቆርቆሮዋን አይቶ አቧራውን አራገፈ። «ሁለተኛ በርሜል እንዳትነኪ» ብሎኝ ወጣ።

ሮጬ አልጋው ስር አጎነበስኩ። «አየህ አይደል ሣህልዬ? እኔ ባልኖር ዛሬ አፍሰውህ ነበር።»

«አንቺ ባትኖሪ» አለኝ ከጨለማው ውስጥ፣ «መጀመሪያውኑ ማን ይመጣ ነበር?»