እማማ ዩቼን ያስመረጡት ቀን

እማማ ዩቼን የልጅ ልጃቸው የሚወለድበትን ቀን ኮከብ ቆጣሪው ፑ ዘንድ ሄደው አስመርጠዋል፤ የሚመጣው ማክሰኞ፣ ረፋድ ላይ። ቾንግቺንግ ውስጥ ልጅ በቀዶ ሕክምና የሚወለድ ከሆነ እንደው በተገኘው ቀን ይወለድ የሚል አያት የለም። ቀኑን ያልሰማ ጎረቤትም አልቀረም።

ምራታቸውን ሹዪንን መጀመሪያ መዳፏን፣ ኋላም ውስጥ እግሯን ያሳክካት ጀመር። እማማ ዩቼን "የልጁ ፀጉር እየበቀለ ነው፤ ደስ አይልሽም?" ብለው አሾፉባት። ሐኪም ቤት ስትሄድ ግን ጉበቷ ታሟል፣ ሐሞት ደሟ ውስጥ እየገባ ነው አሏት። እሷን የሚያሳክካት ነገር ልጁን ሆዷ ውስጥ እንዳለ ድንገት ሊገድለው ይችላል። ከዚያ ወዲያ ኪኒን መዋጥ፣ በየሳምንቱ ደም መስጠት፣ የልጁን እርግጫ ማዳመጥ ሆነ ሥራዋ። እግሯን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ስትነክር ደግሞ አማቷ ጉድ ፈላ አሉ።

"እርጉዝ ቀዝቃዛ ውኃ ትነካለች እንዴ?"

"ዶክተሯ ናት ያለችኝ፣ እማ።"

"እሷ ወልዳ ታውቃለች?"

"ሦስት።"

ትንሽ ቆይቶ ውኃው ሲሞቅ እማማ ዩቼን ራሳቸው በቀዝቃዛ ቀየሩላት።

ሐሙስ ጠዋት የደሙ ውጤት መጣ። ዶክተር ሊያን አየችውና ፊቷ ተለዋወጠ። "በጣም ጨምሯል። ዛሬ ከሰዓት እናዋልዳት።"

"ማክሰኞ ነው እንጂ" አሉ እማማ ዩቼን።

"እማማ፣ እስከ ማክሰኞ ልጁ ይቆያል ብዬ ቃል አልገባልዎትም።"

የሹዪን ባል ወንዝ ላይ ነው፤ ጭነት መርከብ ላይ ነው የሚሠራው፣ ስልኩም አይነሳም። "እማ፣ እኔ ዛሬ ነው የምወልደው" አለች ሹዪን። "ቢቆጡኝም ይቆጡኝ።"

እማማ ዩቼን አልተቆጡም። ኮሪደር ወጥተው ደወሉ።

"ወንድሜ ፑ፣ እስቲ ዛሬን እይልኝ።"

"ዛሬማ ክፉ ቀን ነው። ዶሮ እንኳ አይገዛበትም።"

"መነጽርህን አድርገህ ድገመው።"

"የኔ እህት፣ ኮከብ ይለመናል እንዴ?"

"የምለምነው ኮከቡን መቼ ሆነ፣ አንተን ነው። እምቢ ካልክ ድልድዩ ማዶ ያለው ኮከብ ቆጣሪ ያይልኛል።"

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። "እንግዲህ… ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ከሆነ፣ መቼም አይከፋም።"

"ዱሮስ" አሉና ተመልሰው ገብተው ዶክተሯን ከዘጠኝ በፊት ብለው አዘዟት። ዶክተር ሊያን ሳቋ አመለጣት።

የቀዶ ሕክምናው ክፍል ግን ተይዞ ኖሮ ሹዪን የገባችው ዘግይታ ነው። እማማ ዩቼን በር ላይ ቁጭ ብለው ሰዓቱን ሲያዩ፣ ሲያዩ ቆዩና መመልከቱን ተዉት። ያን ሁሉ ማሳከክ የልጁ ፀጉር ነው ብለው መሳቃቸው ቆጫቸው። ዘጠኝ አለፈ። እሳቸው ግን የሚያዳምጡት በሩን ብቻ ነበር።

ነርሷ ብቅ አለች። "ሴት ናት፣ እማማ። ሰዓቱ ግን አለፈብን፣ ይቅርታ—"

"ሰዓቱን ማን ጠየቀሽ፣ ልጄ? አለቀሰች ወይ?"

ነርሷ በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችው። ሕፃኗ ቤቱን በጩኸት ታናውጠዋለች። እማማ ዩቼን ወገባቸውን ይዘው ሳቁ፤ እንባቸውም ዱብ ዱብ አለ።