ፊደል የማጉበጥ ትምህርት

ልጆቼ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የማያውቀውን አውቃለሁ ሲል ነው የሚታማው። እኔ ግን የማውቀውን አላውቅም ብዬ ዋሸሁ፤ ያውም ለገዛ ልጄ።

አርባ ዓመት በብሩሽ ታፔላ ስጽፍ ኖሬያለሁ። እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልጄ ያገለገለ ኮምፒውተር አምጥቶ ሱቄ ውስጥ ተከለልኝና ሥራ ወዳገኘበት ከተማ ሄደ። እናቱ ካረፈች ዓመት አልሞላም ነበር። ከመጋረጃው ወዲህ ሱቄ ነው፣ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋዬ። በሁለቱም በኩል ዝም ያለ ነው።

ልጄ ክፉ አይደለም። ግን ሲደውል "አባዬ ደህና ነህ?" ይላል፣ "ደህና ነኝ" እላለሁ፣ "በል ቻው" ይላል። አለቀ።

አንድ ማክሰኞ በኮምፒውተሩ ጽሑፍ እንደ ቀስት ማጉበጥ አቃተኝና ራሴ ደወልኩለት። ያን ዕለት እንኳ የእውነት አቅቶኝ ነው።

"ጽሑፉን ምረጠው፣ አባዬ።"

"መረጥኩት።"

"ከላይ 'ቅስት' የሚለውን ንካ።"

"ነካሁ። ውይ! እንደ ተቆጣ ድመት ጎበጠ እኮ!"

ሳቀ። ከእናቱ ቀብር ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። "አብዝተኸው ነው። ቀስ እያልክ ቀንሰው" አለኝ። ሃያ ደቂቃ አወራን።

በሳምንቱ ያንኑ ጥያቄ ይዤ ደወልኩ። በሚቀጥለውም። ሦስት ወር ሙሉ ያቺው ቅስት "ጠፋችብኝ"።

ጎረቤቴ ቁልፍ ቀራጩ በሬን ተደግፎ ይሰማኛል። "ጋሼ፣ ታዲያ ትናንት የጸጉር አስተካካዩን ጽሑፍ ያጎበጠው መንፈስ ነው?"

"አንተ ቁልፍህን ሞርድ!"

"እሞርዳለሁ። ልጅዎ የደረሰበት ቀን ግን ጉድዎ ይፈላል።"

እንዲህ እያልን ሳለን የሰፈራችን ልብስ ሰፊ፣ የልጄ አብሮ አደግ፣ መጣች። በሯ ከላይ ክብ ስለሆነ "ልብስ ስፌት" የሚለው ከክቡ ጋር እንዲጎብጥላት ፈለገች። ኮምፒውተር ፊደል ሲያጎብጥ አንድ መጥፎ ጠባይ አለው፤ የፊደሉን ራስ ይለጥጥና እግሩን ያጣብቃል። የቸኮለ ሰው እንዲያው ይተወዋል። እኔ ግን ዕድሜዬን የፊደል እግር ሳቆም የኖርኩ ነኝ፣ ዐይኔ እምቢ አለኝ። ፊደሎቹን ወደ ሥዕል ቀየርኩና በየጠርዛቸው ያሉትን ትንንሽ ነጥቦች አንድ በአንድ እየጎተትኩ እግራቸውን አቃናሁ። ሁለት ቀን ፈጀ። ደስ የሚለው፣ እጅ ቢንቀጠቀጥም ቀለም አይንጠባጠብም፤ የተሳሳተው ይመለሳል።

ታፔላው ሲሰቀል ልጅቱ ደስታዋን አልቻለችውም። ፎቶ አንስታ ለወዳጆቿ ሁሉ ላከች።

ማክሰኞ እንደ ልማዴ ደወልኩ። "ያቺ ቅስት..." ከማለቴ ልጄ አቋረጠኝ።

"አባዬ፣ የልብስ ስፌቱን ታፔላ ማን ሠራው?"

"እ... አንድ ሰው አግዞኝ ነው።"

"የ'ብ' ቀኝ እግሯ ወፍራም ነው። ከአንተ ሌላ እንደዚያ የሚጽፍ አላውቅም።"

ወንበሬን ከኮምፒውተሩ አራቅኩ።

"ነጥብ በነጥብ ማቃናቱን እኔም እንዲህ አልችለውም። ታዲያ ቅስት የቱ ጋ ነው እያልክ ለምን..." ሳይጨርሰው ቀረ።

ድምፅህን ልሰማ ነው ልለው ነበር። ከአፌ የወጣው ግን "ይረሳኛል" የሚል ነው።

"አይ አባዬ" አለኝ ቀስ ብሎ።

የሚቀጥለው ማክሰኞ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ምን ብዬ ልደውል? ሰበቤ አልቋል። ብሩሾቼን አጠብኩ፤ ሳይቆሽሹ። ቁልፍ ቀራጩ ብቅ ብሎ ፊቴን አየና ሳይቀልድ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

"ዛሬ አልጠየቅከኝም" አለ ልጄ።

"ምን ልጠይቅህ? ደረስክብኝ።"

ወሬ ቀየረ። "እዚያ ይዘንባል?"

"ያካፋል።"

"እዚህም።"

ስለ ፊደል ስናወራ አፋችን ይቀናን ነበር። በእሱ በኩል መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል፤ በእኔ በኩል የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ሳይሰማው አይቀርም። ስለ እናቱ ማውራት እንዳለብን ሁለታችንም እናውቃለን፣ ልጆቼ፤ ማን ይጀምር?

"ልዝጋው እንዴ?" አልኩት።

"አይ፣ ተወው። አትዝጋው።"

አልዘጋሁትም።