የብሪታ ወንበር

በልጄ ቀናሁ። ይኸው ተናገርኩት። እናት በልጇ አትቀናም የሚል ሰው ካለ ወይ ልጅ የለውም፣ ወይ ይዋሻል።

ብሪታ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ድንገተኛ ክፍል ሦስት ዓመት ብቻ የሠራች ነርስ ናት። እኔ ጌይል እዚሁ ሚኒሶታ፣ ዱሉዝ ከተማ ውስጥ፣ ኮረብታው ላይ ባለው ሆስፒታል፣ የልብ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቆሜያለሁ። ቆሜያለሁ ያልኩት ወድጄ አይደለም፤ ጉልበቶቼን ጠይቋቸው። ጠዋት "ይሄ ሰውዬ አላማረኝም" ብዬ ለሐኪሙ የነገርኩት፣ ሐኪሙም ራሱን ነቅንቆ ያለፈኝ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሁላችንም የሰውየውን ደረት ስንጫን የዋልንበት ቀን ስንት ነው! አያለሁ እንጂ ማዘዝ አልችልም። በነርስነት ዶክትሬት የያዘች ግን ትመረምራለች፣ መድኃኒት ትጽፋለች፣ ስትናገርም ትደመጣለች። ያንን ወረቀት የተመኘሁት ገና በወጣትነቴ ነው። ላመለክት ስል ብሪታን አረገዝኩ። ከዚያ አባቷ ሄደ፤ ከዚያ ጉልበቴ ሄደ።

ለዚህ ዶክትሬት የከተማችን ዩኒቨርሲቲ በዓመት አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚቀበለው። አመልካቹ ከሁለት መቶ ያልፋል። ብሪታ ይህን እያወቀች፣ አንድ እሑድ እኔ ቤት ድንች እየላጠች፣ "እማ፣ ላመለክት ነው" አለችኝ። አውቶቡስ እንደሚይዝ ሰው ነው የነገረችኝ።

"በሦስት ዓመት ልምድ?" አልኳት።

"ምነው፣ ስንት ፖፖ መድፋት ነበረብኝ?" ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ፤ ከአንገት በላይ።

ወሬው እኛ ክፍል ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ሃያ ዓመት አብራኝ የሠራችው ዳርላ በኮሪደሩ መሀል አቀፈችኝ። "እንኳን ደስ ያለሽ! ዶክተር ወለድሽ እኮ! በቃ አንቺ ጡረታ ውጪ፣ የጉልበትሽን ኪኒን እሷ ትጽፍልሻለች!" አለችኝ። ዳርላ ክፋት የላትም፤ ቁስሌ የት እንዳለ ስለማታውቅ ነው እንጨት የሰደደችበት። ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ ማመልከቻውን በስልኬ ከፈትኩና መሙላት ጀመርኩ። ለማንም አልተነፈስኩም። ከፍቺው በኋላ ወደ አባቴ ስም ስለተመለስኩ፣ በወረቀት ላይ እኔና ብሪታ አንተዋወቅም።

ሁለታችንም ለቃለ መጠይቅ ተጠራን። የእኔ ሰኞ ነበር፤ የእሷ ሐሙስ።

ሰኞ ዕለት ከጠረጴዛው ማዶ ሦስት ሴቶች ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ እንዲሁ አለፈ፤ እኔም ያው እንደማንኛዋም ነርስ መለስኩ። ከዚያ ትልቋ ሴትዮ መነጽሯን አወለቀችና፣ "በሽተኛ ላይ የደረሰ ስህተትሽን ንገሪን" አለችኝ። ነገርኳቸው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የአልጋ ስድስትን የደም ማቅጠኛ ለአልጋ አራት ሰቀልኩለት። አውቄ ስነቅለው አሥር ደቂቃ ሆኖት ነበር። ሰውየው ምንም አልሆነም። ለሚስቱ ግን ሄጄ የነገርኳት እኔው ራሴ ነኝ፤ ሌላ ሰው ይንገርልኝ አላልኩም። ይህን ስናገር ሦስቱም መጻፋቸውን ትተው አዩኝ። እንደሚቀበሉኝ ያን ጊዜ አወቅሁት። እየዘፈንኩ ነው ወደ ቤቴ የነዳሁት።

ረቡዕ ብሪታ መጣች። ለቃለ መጠይቁ የገዛችውን ኮት ከላይ፣ የሱፍ ካልሲ ከታች አድርጋ ወጥ ቤቴ ውስጥ ተቀመጠች። "አንቺ ኮሚቴ ሁኚና ጠይቂኝ" አለችኝ። ጠየቅኋት፤ መለሰች። ጎበዝ ናት፤ ያንን እንኳ አልክድም። ከዚያ ደብተሯን ገለጠች።

"ስለ ስህተት ቢጠይቁኝስ? የዚያችን አሮጊት ታሪክ ልነግራቸው ነው።"

አሮጊቷን አላውቃትም ነበር። ብሪታ ሰውነቷን የሚያስቆጣ መድኃኒት እንዳለ ሳትጠይቃት መርፌ ወግታታለች። የሴትዮዋ ፊት አበጠ፣ ትንፋሿ አጠረ። ማርከሻ መድኃኒት ሰጥተው እስኪመልሷት ድረስ ብሪታ እጇን አልለቀቀችም። ከዚያ ራሷ ወደ አለቆቿ ሄዳ ራሷን ከሰሰች። እስከ ዛሬ ለማንም በሽተኛ መርፌ ከማንሳቷ በፊት የዚያችን ሴት ስም በሆዷ ትጠራለች። ይህን ስትነግረኝ ዐይኗ እንባ ሞላ።

እኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? በሦስት ዓመት ከእኔ የተሻለ ስህተት አላት ብዬ ነው ያሰብኩት።

"አብደሻል?" አልኳት። "በገዛ አፉ ራሱን የሚከስ ማን ነው? እነሱ የሚፈልጉት የምታስተማምን ሰው ነው። በሽተኛ ላይ የደረሰ ስህተት የለብኝም፣ ሁሉን ሁለት ጊዜ አረጋግጣለሁ በያቸው።"

"እርግጠኛ ነሽ እማ? ውሸት አይመስልም?"

"ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ ልጄ።"

"እሺ" አለችና አሮጊቷን ከደብተሯ ላይ ሰረዘቻት። ያን ጊዜ ላስቆማት እችል ነበር። ዞሬ ሾርባዬን አማሰልኩ።

መልሱ መጋቢት ውስጥ፣ ለሁላችንም በአንድ ጠዋት መጣ። እኔን ተቀብለውኛል፤ እስከ ዓርብ እሺ ወይም እምቢ ማለት አለብኝ። ስልኩን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ ብሪታ በረዶ በጫማዋ ይዛ ገባች።

"ተጠባባቂ ነኝ!" አለች። "ግን አንደኛዋ ተጠባባቂ! ከአሥራ ሁለቱ አንዱ እግሩን ይስበርልኝ ብዬ እየጸለይኩ ነው።"

"እንግዲያው የምትሰብሪው የእኔን እግር ነው" ብዬ ስልኩን ሰጠኋት።

አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ቤቱን በጩኸት ሞላችው። "አንቺ ሌባ! ደብቀሽኝ! ዶክተር እማ!" እያለች ይዛኝ ዞረች። ከልቧ ነበር ደስ ያላት፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መዞሯን ቀስ በቀስ አቆመች፤ እጇም ከትከሻዬ ላይ ወረደ።

"ስለ ስህተት ጠየቁሽ?"

"ጠየቁኝ።"

"ምን አልሻቸው?"

መዋሸት እችል ነበር፤ ደከመኝ። "የአልጋ አራቱን ሰውዬ ነገርኳቸው።"

"ቀንሽ መቼ ነበር?"

"ሰኞ።"

"እኔ እኮ የጠየቅሁሽ ሮብ ነው" አለች ዝግ ብላ።

"ቀንቼብሽ ነው" አልኳት። "ታሪክሽ ከእኔ ስለበለጠ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ያወለቀችውን ኮት አንስታ መልበስ ጀመረች። ያን ጊዜ ደነገጥኩ።

"ወንበሩን እለቅልሻለሁ" አልኳት። "አሁኑኑ እጽፍላቸዋለሁ፣ አንቺ ትገቢያለሽ።"

"አይ፣ ተይው።"

"የምሬን ነው ብሪታ፣ ውሰጂው።"

"አይ እማ። ያንቺ ነው።"

እኛ የሚኒሶታ ሰዎች የመጀመሪያውን "አይ" ከቁም ነገር አንቆጥረውም፤ ሁለተኛውንም እንደዚያው። ቁራሽ ኬክ እንኳ ቢሆን የምንቀበለው ሦስተኛ ስንለመን ነው። ብሪታን እንዲህ አድርጌ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

እጇን የበሩ እጀታ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። ቆመች። ጠበቀችኝ። እንደምትጠብቀኝ አውቅ ነበር፤ እንደማውቅም ታውቅ ነበር።

ዐይኔን በጨው ታጥቤ፣ "መንገዱ ያንሸራትታል፣ ቀስ ብለሽ ንጂ" አልኳት።