የአስታማሚ አበል

እንግሊዙ ሐኪም ከአስመራ ወደ ጎንደር የሚመጣው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥምቀት አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ነው። የሚመጣውም በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ሲያገለግሉ አካላቸው የጎደለ ሰዎችን ለማየት ነው። የተቆረጠ እግር በዓመቱ የሚያቆጠቁጥ ይመስል ሁሉም እንደገና ይታያል፤ ይለካል፤ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ይፈቀዳል። ወለተሩፋኤል ያን ሰሞን አትወደውም። ዳኛው የሚባለው ባሏ፣ ሐኪሙ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ እንቅልፍ ያጣል፤ እሱ ካልተኛ እሷም አትተኛም።

ሁለቱም የዛሪማ ልጆች ናቸው። በተጋቡ በዓመታቸው ጣሊያን ገባ፤ ዳኛውም በመተማ በኩል ሱዳን ተሰደደ። ካርቱም ላይ መንዳት ተምሮ በእንግሊዝ ጦር የጭነት ማኪና ሾፌር ሆነ። ጎንደር ነጻ ልትወጣ ጥቂት ሲቀር፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅን እንዳለፈ፣ ማኪናው ፈንጂ ረገጠች። ቀኝ እግሩን ከጭኑ ቆረጡት። የግራው ጉልበት ከዚያ ወዲህ አልታጠፍ አለ። ይህ ከሆነ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ቁስቋም ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለች ቤታቸው፣ ጧት ጧት ክንዷን በብብቱ ሥር አስገብታ የምታነሣው እሷ ናት። ታጥበዋለች፤ ታለብሰዋለች፤ ወደ ጓሮ ታደርሰዋለች። ከዚያ ጠላዋን ትጠነስሳለች ወይም ጥጧን ትፈትላለች። ወገቧ ከሁለት ክረምት ወዲህ ቀጥ ብሎ አያውቅም። እንዲህ ነው ብላ ለማንም አልተናገረችም፤ የሚጠይቃትም አልነበረም።

በዚያ ዓመት፣ በ1943 መሆኑ ነው፣ የሻው የሚባል የቆላ ድባ ሰው ሊጠይቃቸው መጣ። የሻው ከዳኛው ጋር አብሮ የተሰደደ ነው፤ እሱ ግን ከሱዳን መርከብ ተሳፍሮ እንግሊዝ አገር ወርዶ ፋብሪካ ገባ። ማሽን የግራ እጁን ጣቶች ከአውራ ጣቱ በቀር ወሰደበትና አምና ወደ አገሩ ተመለሰ። ለጣቶቹ ከዚያው አገር ይከፈለዋል።

"እንዴት ነው ነገሩ?" አለው ዳኛው። "አንተ ወታደር አልነበርህም።"

"የኔ ሌላ ነው" አለ የሻው፣ ጠላውን በደህና እጁ ይዞ። "እነሱ ዘንድ ጉዳት ሁሉ አንድ አይደለም። በጦር የቆሰለ አለ፤ ያ ያንተ ነው። ሥራ ላይ የተጎዳ አለ፤ ያ የኔ ነው። ደግሞ እንዲያው የታመመ አለ። አንዱ ከአንዱ አይገናኝም፤ መዝገቡም ሹሙም የተለያየ ነው።"

"ታምሞ መተኛትም ያስከፍላል?"

"ያስከፍላል እንጂ። ጣቴ ከመቆረጡ በፊት ብርዱ ጥሎኝ ወር ተኝቻለሁ። በየሳምንቱ ከደመወዜ ሲቆርጡ የከረሙትን ያን ጊዜ መለሱልኝ። ግን እዚያው ላለ ሰው ነው። ወደ መርከብ እግሬን ሳነሣ የሕመሙ ቀረ። የጣቴ ግን ባሕር ተሻግሮ ተከተለኝ።"

ዳኛው ሳል ያዘው። ሳሉ ሲነሣበት እስኪያልፍለት መጠበቅ ነው እንጂ የሚደረግለት የለም። ሲያበቃለት ዓይኑን ጠርጎ፣ "ይኸስ ከየትኛው ነው?" አለ ደረቱን እየነካ።

"እሱማ ሕመም ነው። ሕመም ብቻ ከሆነ ላንተ አይሆንህም፤ እዚያ አልኖርህ፤ ከደመወዝህ አልተቆረጠ። ከጦሩ የመጣ ነው ካሉት ግን ከቁስሉ ጋር ይቆጠራል።"

"ሳል ምኑ ነው ከቁስል የሚቆጠረው፣ አያ የሻው?" አለች ወለተሩፋኤል።

"ወረቀታቸው እንዲያ ይላል፣ እቴ።" የሻው ወደ እሷ ዞር አለ። "ነገሩ ቀላል አይምሰልሽ። ባል በቁስሉ ከሞተ ጡረታው ለሚስቱ ይተርፋታል። በሌላ ከሞተ አብሮት ይቀበራል።"

የሻው የተናገረው ከብዶ እንደ ወረደ ገብቶት ነገሩን ሊያለሳልስ፣ "ደግሞ የአስታማሚ አበል የሚባል አለ" አለ። "ሰው ካላነሣው የማይነሣ፣ ሰው ካላጠበው የማይታጠብ ከሆነ ከቁስሉ በላይ ይጨምሩለታል። ሐኪሙ በየዓመቱ ይጠይቃል። አልጠየቀህም?"

"ይጠይቃል" አለ ዳኛው።

"ምን ትለዋለህ?"

"ራሴን ችያለሁ እለዋለሁ። እኔ አስታማሚ የለኝም። ያለችኝ ሚስት ናት።"

ወለተሩፋኤል ጋኑን ለማየት ብላ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ጋኑ ምንም አልሆነም። እዚያ ቆማ ግድግዳውን ተደገፈች። በየዓመቱ እሱን ሐኪሙ ዘንድ አስገብታ፣ አግዳሚው ላይ አስቀምጣው፣ ተመልሳ ደረጃው ላይ ስትጠብቀው፣ እሱ ለካ ራሴን ችያለሁ እያለ ነበር። ከንዴት ይልቅ የመጣባት ድካም ነበር፤ ተኝታ የማይወጣላት ዓይነት ድካም።

የሻው ከሄደ በኋላ ዳኛው ጠራት።

"ዘንድሮ አንቺንም ያስገቡሻል" አላት። "ስለ ሳሉ ምስክር እንዲሰሙ አስተርጓሚውን እለምነዋለሁ። ከማኪናው አቧራና ከፈንጂው ጭስ ወዲህ ነው የጀመረው በይ።"

"ስንጋባስ ያስልዎ አልነበር?"

"ስንጋባ ጤነኛ ነበርሁ።"

"ለሠርጉ እናትዎ ማርና ፌጦ ሲያጠጡዎት አይቻለሁ።"

"ወለተሩፋኤል፣" አለ፤ ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። "እኔ በእግሬ አልሞትም። በዚህ ነው የምሞተው። ያን ጊዜ ምን ትበያለሽ?"

"እሺ" አለችው። በዚያች ሰዓት እውነቷን ነበር፤ ልትለው ቆርጣለች።

ሐኪሙ የሚያየው ፒያሳ ላይ፣ ጣሊያን ትቶት በሄደው በአንዱ ፎቅ ነው። በጎረቤት በቅሎ አምጥታ፣ አውርዳ፣ ደረጃውን አንድ አንድ እያለች አወጣችው። አስተርጓሚው ሐብተ ማርያም የካህን ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛውን እሱም በስደት የተማረው ካርቱም ነው። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ሐኪሙ ጆሮው በፀሐይ የተላጠ ሽማግሌ ነበር፤ ከጧት ጀምሮ ሰው ሲያይ ስለ ዋለ እሱም ዓይኑ ቀልቷል። የተቆረጠውን ጭን አየ፤ ጉልበቱን ገፋ ገፋ አደረገ፤ የዳኛውን ደረት በመስሚያው አዳመጠ፤ እንዲያስል አዘዘው፤ እንደገና አዳመጠ።

ዳኛው የተሰናዳበትን ተናገረ። ሐብተ ማርያም ተረጐመ። ሐኪሙ ጻፈና ወደ ሴትዮዋ ተመለከተ።

"እትዬ፣ ሳሉ መቼ እንደ ጀመራቸው ይጠይቅዎታል" አለ ሐብተ ማርያም።

ያን ጧት ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ አንዴ በቅሎዋ ላይ ስታወጣው፣ አንዴ ደረጃው ላይ። ወገቧ እንደ ጋለ ብረት ያቃጥላታል። የተነገራትን ፈለገች፤ አቧራው፣ ጭሱ፣ ሁሉም ራሷ ውስጥ ነበረ። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"ከስደት ሲመለሱ ብሶባቸው ነበር" አለች።

ሐብተ ማርያም ምን እንዳለች ገብቶታል፤ ታርመው እንደሆነ ፊቷን አየ። እሷ ግን አላስተዋለችም። እሱም እንዳለችው ተረጐመው። ሐኪሙ ብዕሩን አነሣ።

"ባሰባቸው ማለት ቀድሞም ነበረባቸው ወይ ይላል።"

ያኔ ገባት። ዳኛውን አየችው፤ እሱ ግድግዳውን ያያል። ከዚህ ወዲያ ነገሩን መልሳ የምትሰፋበት ኃይል አልነበራትም።

"ነበረባቸው" አለች።

ሐኪሙ ጻፈ። ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል እሷ እንደገና ተናገረች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም።

"አቶ ሐብተ ማርያም፣ ማን እንደሚያነሣቸው አልጠየቀኝም።"

"ዝም በይ" አለ ዳኛው።

"ማን እንደሚያጥባቸውም አልጠየቀኝም። ከአልጋ የማነሣቸው እኔ ነኝ። ጓሮ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ልብሳቸውንም የማለብሳቸው እኔ ነኝ። አሁንም ደረጃውን ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ይህን ይንገሩልኝ።"

ሐብተ ማርያም ቀስ ብሎ ነገረው። ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ የቀድሞውን ዓመት፣ የዚያንም የቀድሞውን እየገለጠ አየ። ከዚያ ዳኛውን፣ ብቻህን ተነሥ አለው።

ዳኛው ምርኩዙን ያዘ። በሌላው እጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠ። የማይታጠፈው እግር ወደፊት እንደ ተዘረጋ ተንሸራተተበት። እንደገና ሞከረ፤ አንገቱ ላይ ጅማቱ ተገተረ፤ ከአግዳሚው ጥቂት ከፍ ብሎ ተመልሶ ዘጭ አለ። ማንም አልተነቃነቀም። ሦስተኛ ሊሞክር ሲል ወለተሩፋኤል ሳታስበው ተነሥታ ክንዷን በብብቱ ሥር አስገባች፤ ወገቧን አጎብጣ ጉልበቱን በጉልበቷ ደግፋ አቆመችው። አሥር ዓመት ሙሉ ያደረገችውን ነው ያደረገችው። ሐኪሙ ለብዙ ጊዜ ጻፈ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ዐቢይ ጾም ገባ። ስታነሣው ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል፤ ስታጥበው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ምግቡን ያለ ምስጋና ይቀበላል። እሷም ለመታረቅ አልሞከረችም። በልቧ አልበደልሁም ትላለች፤ ተመልሳ ደግሞ ስለ ሳሉ ያለችው ትዝ ሲላት ሐዘን ይይዛታል።

ከፋሲካ በኋላ ሐብተ ማርያም ራሱ ቁስቋም ድረስ ወጣ። የቁስሉ ጡረታ እንደ ነበረ ይቀጥላል። ሳሉ ከጦሩ በፊት የነበረ ሕመም ነው ተብሎ አልተቀበሉትም። የአስታማሚው አበል ግን ተፈቅዷል።

"የሚሰጠው ለሷ ነው?" አለ ዳኛው። ስለዚያ ቀን ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር።

"አይደለም፤ በእርስዎ ስም ነው። የሚቆጠረው የርስዎ ጉዳት ነው፤ የሷ ሥራ አይደለም።"

"እንዲያስ ከሆነ የሚያነሣ ሰው ፈልግልን" አለ ዳኛው። "ወንድ ይሁን። ጉልበት ያለው።"

ከዛሪማ ባዬ የሚባል የአክስቱ ልጅ መጣ፤ ዕድሜው የገፋ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ዘመኑን ሁሉ በቅሎ ሲጭን የኖረ ሰው ነው። ዳኛውን አንሥቶ ደጅ ፀሐይ ላይ ሲያስቀምጠው እንደ ቀልድ ነው። ሁለቱ ስለ በቅሎና ስለ ማኪና ሲከራከሩ ይውላሉ። ባዬ በመጣ በሳምንቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወለተሩፋኤል መደቡ ላይ ጋደም አለችና እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ጀንበር አዘቅዝቃለች። ደንግጣ ብድግ ስትል ዳኛው ከደጅ፣ "ተኚ፣ የሚጠራሽ የለም" አላት።

ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ መነጋገር ጀመሩ። አንድ ቀን፣ ባዬ ውኃ ሊቀዳ ወርዶ ሳለ፣ "ምነው ያኔ ዝም አላልሽም?" ሲል ጠየቃት።

"ደክሞኝ ነው።"

"ስለ ሳሉስ? እሱን ማለት አቅቶሽ ነው?"

"እሱም ድካም ነው። ልናገርልዎ ነበር። ከአፌ ጠፋ።"

ራሱን ነቀነቀ። "እኔም" አለ፣ "ለሐኪም ራሴን ችያለሁ ማለት ለምጄው ነበር። አንቺን አስቤ አልነበረም።" ይቅርታ መጠየቁ እንደ ሆነ ገባት፤ እንዲደግመው አላደረገችውም።

ከሁለት ክረምት በኋላ፣ በነሐሴ ቁር፣ ዳኛው እንዳለው በደረቱ ሞተ። ቁስቋም ተቀበረ። ከአርባው በኋላ ወለተሩፋኤል ፒያሳ ወርዳ ሐብተ ማርያምን አገኘችው። የቁስሉ ጡረታ ከባለ ቁስሉ ጋር ቆሟል፤ የአስታማሚውም እንዲሁ። በቁስሉ ስላልሞተ ለሚስት የሚተርፍ የለም።

"ያኔ ሌላ ብል ኖሮ ይሰጡኝ ነበር?" አለችው።

"እንጃ" አለ ሐብተ ማርያም። "ሐኪሙ ደረታቸውን ሲያዳምጥ አሮጌ ሕመም ነው ብሎኝ ነበር፤ እርስዎ ሳይናገሩ። ግን ምስክር ቢያገኝ ምን ያደርግ እንደ ነበር አላውቅም።"

"ሲያስታምም ወገቡ ለተሰበረ ሰውስ የተጻፈ ነገር አለ?"

"እኔ የማውቀው የለም፣ እትዬ።"

አመስግናው ወጣች። ባዬ ወደ ዛሪማ ሊመለስ ስለ ነበር አብራው ልትሄድ ተስማሙ፤ እዚያ ታናሽ እህቷ አመተ ሥላሴ አለች፤ ነይ ብላ ልካባታለች። ጋኖቿን ለጎረቤት ሸጠች፤ የተከራዩዋትን ቤት ለአከራያቸው አስረከበች። በጭነት ማኪና ሊማሊሞን ሲወርዱ ባዬ ወገቧን እንዳያማት ከጀርባዋ ጆንያ አደረገላት፤ እሷም ዛሪማ እስኪደርሱ ተኛች።