የበርጫ ትርፍ

ባፈና ሀብታም ነበር። ማን አለ? ራሱ ነዋ! በተለይ ከሰዓት በኋላ፣ ጫቱ ገብቶ ምርቃናው ሲመጣ፣ በጅቡቲ ከተማ ከእሱ በላይ ያተረፈ ባለመኪና አልነበረም። ከወደቡ ሲሚንቶ የሚያመላልሱ ሦስት የጭነት መኪኖች አሉት፤ ውሉን ሁሉ የሚዋዋለው በርጫ ላይ ነው። በርጫ ላይ ደግሞ በዋጋ የሚከራከር የለም። "ሒሳቡን ነገ" ይሉታል፣ እሱም "ገቢ" ብሎ ያስመዘግባል። ያ ነገ የተባለው ቀን እስካሁን ጅቡቲ አልደረሰም።

ሚስቱ ኤሌኒ ግን የምትኖረው ጠዋት ጠዋት ነው። ጠዋት ሾፌሩ ደሞዝ ይላል፣ ነዳጅ ሻጩ ይደውላል፣ ባሏ ይተኛል። አሁን ደግሞ ይህ ባለትርፍ አራተኛ መኪና አማረው። ለባንኩ የሚያስይዘው፣ ይባረክና፣ አባቷ ባቡር ላይ ሲሠሩ አርጅተው ጋቦዴ ሰፈር የተዉላትን ቤት ነው። በዚህ ከተማ ከዚህ ቤት ሌላ የእኔ የምትለው የላትም። የምትፈርመው ዛሬ ረፋድ ላይ ነው።

"አስራ አራት ሚሊዮን ፍራንክ አትርፌ ታመነቻለሽ?" አላት፣ ሸሚዙን እየቆለፈ።

"ካተረፍክ መኪናዋን በሱ ግዛታ!"

ተናደደ። ከባለሙያ ትስማ ብሎ የሒሳብ ሠራተኛውን ሚናስን አስጠራ። ሚናስ መጣ፤ መምጣቱን ግን አልወደደውም።

"እትዬ፣ ትርፉ አስራ አራት ነው፣ እሳቸው አልዋሹም" አለ ወለሉን እያየ። "ለመኪኖቹ እርጅና በወረቀት ላይ የቀነስነው ሁለት ሚሊዮን ከኪስ ስላልወጣ ይመለስ፤ አስራ ስድስት። ከዚህ ላይ አስራ አንዱ አልተሰበሰበም። እጅ የገባው አምስት ነው። ሦስተኛዋ መኪና ዘንድሮ በዘጠኝ ተገዛች። እንግዲህ ለድርጅቱ የተረፈው ነፃ ገንዘብ…" ባፈናን በጎን አየት አደረገ። "ከዜሮ በታች አራት ሚሊዮን።"

"አራቱን ማን ሞላው?"

"የተሸጠው የእርስዎ ወርቅ፣ እትዬ።"

ኤሌኒ ሳቀች። "እሰይ! አትርፈን አትርፈን አንገቴ ባዶውን ቀረ!"

"ያልተሰበሰበም ገንዘብ ገንዘብ ነው!" አለ ባፈና። "ዓብዱሰመድ ብቻ ስምንት ሚሊዮን አለበት። ሰውየው አልሞተ!"

"እንግዲያው አሁኑኑ ደውልለት፣ ጫት ሳይገባ። ግማሹን ዛሬ ከከፈለ እፈርማለሁ።"

ዓብዱሰመድ የድሬዳዋ ልጅ፣ ሲሚንቶ ነጋዴ ነው። ባፈና ሁሉም እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"አቦ ባፈና! ልደውልልህ ነበር እኮ!" አለ ዓብዱሰመድ። "ዘንድሮ ሃያ ሚሊዮን አተረፍኩ! ተቋራጮቹ ገና አልከፈሉኝም እንጂ። እነሱ ሲከፍሉኝ እከፍልሃለሁ። ደግሞ ባንኩ ብድር ፈቅዶልኛል፣ ሌላ መጋዘን ልሠራ ነው። ጭነትህ እጥፍ ይሆናል!"

የባፈና ፊት በራ። "ሰማሽ? እጥፍ!"

ኤሌኒ ስልኩን ከጠረጴዛው አነሳች። "ዓብዱሰመድ፣ ኤሌኒ ነኝ። ባንኩ ምን አስይዘህ ነው የፈቀደልህ?"

"ቤት ነዋ!" አለ ዓብዱሰመድ።

"ሚስትህን አገናኘኝ።"

የዓብዱሰመድን ሚስት ሰብሪናን የምታውቃት በሠርግና በለቅሶ ብቻ ነው። ሰላምታውን እንኳ አላስረዘመችውም።

"ሰብሪና፣ ቤቱ የማን ነው?"

"የእናቴ ነበር።"

"ፈርመሻል?"

"ትናንት" አለች ሰብሪና። ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አትርፏል አሉኝ እኮ፣ ኤሌኒ። አላተረፈም እንዴ?"

ባፈና በሩ ላይ ቆሞ የባንኩ ሰዓት አለፈ እያለ ያጣድፋታል። ኤሌኒ ስልኩን እንደያዘች ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።