የፉጨት ዕዳ

በ1966 ዓ.ም. ክረምት ኮልፌ ሥራ አልነበረም። የእህል መኪና ከገጠር መምጣቱን አቆመ። አባቴ ተሸካሚ ነበር፤ የሚሸከመው አጣ። ቀን ቆሎ በላን፤ ማታ ውሃ ጠጥተን ተኛን። ነሐሴ ላይ ታናሽ እህቴ በሳል ታማ ሞተች። መቃብሯን አባቴ በዝናብ ቆፈረ። እኔ ጆንያ ዘርግቼ ልከልለው ሞከርኩ።

ውዳሴ ይህን ስነግራት ድምፅ መቅጃዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትቀዳ ነበር። ሠዓሊ ናት። ስትሥል ግን አይቻት አላውቅም፤ የምትሰበስበው የሽማግሌ ወሬ ነው። በዚያ ክረምት ቀራንዮ ስለነበረው የልጆች ትምህርት ቤት የሚያስታውሱትን ሰዎች ድምፅ ቀድታ፣ ቤቴል አንድ አዳራሽ ውስጥ ከሥዕሎቿ ጋር ልታሰማ ነው።

“ከዚያስ አባባ ነገሬ? ትምህርት ቤቱ እንዴት ተጀመረ?”

እኔ ጀመርኩት ልላት ምንም አልቀረኝም። መጀመሪያ የመጣች ቀን “እዚያ ተምሬአለሁ” አልኳት። ቀጥሎ ስትመጣ “ከመሥራቾቹ አንዱ ነኝ” አልኩ። በዚህ አያያዜ በሚቀጥለው ሳምንት ንጉሡን ከዙፋን ያወረድኩት እኔ ነኝ።

የጀመረው ጋሼ ወልደሰንበት ነው። ከመምህርነት ተባርሮ ነበር። አንድ ባዶ የእህል መጋዘን ተከራየና የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ፣ “እኔ አላስተምርም፤ እርስ በርሳችሁ ተማማሩ” አለን። ዱላ የለም፤ ክፍል የለም፤ የሚማረውን ልጅ ‘አይደለም’ ማለትም የለም። ሕጉ ቀላል ነው። አንድ ነገር ላስተማረህ ልጅ፣ የምታውቀውን አንድ ነገር ታስተምረዋለህ። ልጁ በሰው ፊት “ደርሶኛል” ሲል ዕዳህ ይወርዳል። ወላጆች ሰውዬው አብዷል አሉ። ፖሊስም መጥቶ ፈተሸ፤ ያገኘው በኦሮምኛ መቁጠር የሚለማመዱ ሕፃናት ነው።

እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። የማውቀው ሁለት ጣት አፌ ከትቼ ማፏጨት ብቻ ነው። የጭነት መኪና ሲመጣ ተሸካሚዎቹን የምጠራው በፉጨት ነበር። ሌላው ልጅ ሒሳብና ጥልፍ ይዞ ሲመጣ እኔ ፉጨት ይዤ ገባሁ። ፊደል ያስቆጠረችኝ የአሥራ አንድ ዓመቷ ዋጋነሽ ናት።

ውዳሴ ብዙ ፈልጋ ከዚያ ትምህርት ቤት ያገኘችው እኔንና ዋጋነሽን ብቻ ነው። ዋጋነሽ ቀራንዮ መንገድ ዳር የክር ሱቅ አላት። ውዳሴ ደጋግማ ሄዳ ባዶ እጇን ተመልሳለች።

“ምን አለችሽ?” አልኳት።

“‘ነገሬ ዕዳውን ሳይከፍል ትምህርት ቤቱ አልተዘጋም። ያላለቀ ነገር ደግሞ ታሪክ ብዬ አላወራም’ አሉኝ።” ሳቋን ለመያዝ ታገለች። “አባባ፣ ዕዳው ፉጨት ነው አሉኝ። እውነት ነው?”

እውነት ነው። “ነገ አስተምርሻለሁ” እያልኩ ክረምቱ አለቀ። ያለኝ እውቀት ያችው ነበረች፤ እሷንም ከሰጠሁ ምን ይዤ ልቀመጥ? መስከረም ላይ ባለቤቱ መጋዘኑን ቆለፈው። ከዚያ ወዲህ ዋጋነሽ በሠርግም በለቅሶም ባየችኝ ቁጥር ሁለት ጣቷን ታነሳብኛለች። ሰው ሰላምታ ይመስለዋል።

“እሳቸው ካልተናገሩ የእርስዎን ብቻ አሰማለሁ፤ ምን አደርጋለሁ?” አለች ውዳሴ።

ይህ አስደነገጠኝ። ወልደሰንበት ከሞተ ቆይቷል። ያ ሁሉ ነገር በእኔ አፍ ብቻ ሊቀር ነው። አፌን ደግሞ አውቀዋለሁ።

በማግስቱ አብረን ሄድን። ዋጋነሽ ከባንኮኒው ጀርባ ክር ትጠቀልላለች።

“መጣህ፣ መምህር?”

“መጣሁ።”

“ሃምሳ ዓመት ስትዘጋጅ ቆየህ። መቼም ከባድ ትምህርት መሆን አለበት።”

“ወፍረሻል፤ ትንፋሽሽ ይበቃ እንደሆነ እያሰብኩ ነው።”

“አንተ ደግሞ ከስተህ ከስተህ ጣት አክለሃል። በል ጀምር!”

ሁለት ጣቴን አፌ ከተትኩ፤ ደረቴን ነፋሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ያፏጨሁት የፊት ጥርስ ሳለኝ ነው። የወጣው ንፋስና ምራቅ ነበር። ዕድሜዬን በጎሚስታነት ጨርሻለሁና ድምፁን ወዲያው ለየሁት፤ የተበሳ ጎማ ነው።

ዋጋነሽ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ሳቀች። “ይህን ነው የደበቅህብኝ?”

“እስቲ አንቺ ሞክሪ።”

“ቆይ፣ ጥርሴን ላውልቅ።” ሰው ሠራሽ ጥርሷን አውልቃ ክሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ውዳሴ ዓይኗን መቅጃዋ ላይ ተከለች።

ማሳየት ስላቃተኝ በቃል ወደ ማስረዳት ገባሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሠራው የኖርኩትን ነገር እንዴት እንደምሠራው አላውቅም ነበር። ምላሴን የት ነበር የማደርገው? ዓይኔን ጨፍኜ ፈለግሁት።

“ከንፈርሽን ወደ ውስጥ እጠፊ። አይደለም፣ እንደሱ አይደለም!”

“‘አይደለም’ አይባልም! ሕጉንም ረሳኸው?”

የዚያን ቀን አልሆነም። በነጋታውም አልሆነም። አንዲት ደንበኛ ነጭ ክር ልትገዛ ገብታ ሁለት ሽማግሌዎች ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ሲተፉ አየችና ሳትገዛ ወጣች። እኔ ግን ጎሚስታ ነኝ፤ አየር የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ማግኘት እችላለሁ። ዋጋነሽ ስትነፋ አየሩ በአፏ ጥግና ጥግ ሲያመልጥ አየሁ።

“በጣቶችሽ ምላስሽን ወደ ኋላ እጠፊው። ጥግ ጥጉን ዝጊ። አየሩ በአንድ ቀዳዳ ብቻ ይውጣ።”

ዘጋች። ነፋች።

ጆሮዬ ጮኸ። በሱቁ ፊት ያልፍ የነበረ ሚኒባስ ፍሬን ያዘ። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ “ወደ አየር ጤና ናችሁ?” አለ።

“አይደለንም፤ ሂድ!” አለችው ዋጋነሽ ያለ ጥርሷ። ገና ከመንቀሳቀሱ ደግማ አፏጨች። ሾፌሩ እንደገና ፍሬን ያዘ። ረዳቱ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም።

ዋጋነሽ ጥርሷን መለሰች፤ ነጠላዋን አስተካከለች። መቅጃው ይሠራ እንደሆነ ውዳሴን ጠየቀቻት።

“ይሠራል፣ እማማ።”

“አንተ አሁን ዝም ብለህ ተቀመጥ” አለችኝ። ከዚያ ወደ መቅጃው ጠጋ ብላ፣ በደንብ እንዲሰማ ቃል በቃል እየለየች፣ “እኔ ዋጋነሽ ከነገሬ ማፏጨት ተምሬአለሁ። ደርሶኛል” አለች።