ጥርሱ ያነሰው ስለት

እናትየው የመጋዙ ስለት ማሸጊያ ላይ ያለውን ሥዕል ልብ ያለችው ሳንቃው ከተበላሸ በኋላ ነው። ሥዕሉ የብረት ቧንቧ ነበር እንጂ የእንጨት አልነበረም።

ቶሎ ብላ ጨምድዳ ኪሷ ከተተችው። ክፍሉ የተቃጠለ እንጨት ይሸታል። ልጇ በጌም ቤት እንዳለው ዓይነት፣ ቆመው የሚጫወቱበትን ትልቅ የጌም ማሽን ለቤት ልትሠራ ተነስታ፣ ቀኑን ሙሉ የኮምፔንሳቶውን ሳንቃ በኤሌክትሪክ መጋዝ ስትቆርጥ ውላለች። ስክሪኑ የሚያርፍበት ጎን አምሮ መጉበጥ ሲገባው ጠርዙ ከስሎ፣ መስመሩም ወዲህና ወዲያ ዋዥቆ ቀረ።

"ወይ ጉድ! ይሄ በመጋዝ ነው ወይስ አይጥ ቀጥራችሁ?" አለ ሊጠይቃቸው የመጣው የእናትየው ወንድም። "የኔ ልጅ፣ አንቺ መጫወቱን ያዢ፤ መሥራቱን ለሚችል ተዪ።"

ልጅቷ እጇን አገላብጣ አየችው።

"መጋዙስ ደህና ነው ጋሼ። እጄ ነው እምቢ ያለኝ። ነገ እሸጠዋለሁ።"

እናትየው ኪሷ ውስጥ ያለውን ማሸጊያ ጨበጠች። ዕቃ ሊገዙ የሄዱ ዕለት ሱቅ ውስጥ ሁሉንም የመረጠችው ልጅቷ ነበረች፤ ድሪሉን፣ እንጨት መያዣ ሞርሳውን፣ የብርጭቆ ወረቀቱን፣ ጥርሱ ትላልቅ የሆነውንም የመጋዝ ስለት። ብሎን ልታይ ዞር ስትል ግን እናትየው ያንን ጥርስ አየችና ደም ታያት፤ ሐኪም ቤት ታያት፤ የተቆረጠ ጣት በፌስታል ይዛ ስትሮጥ ታያት።

"ጥርሱ ያነሰ የለህም?" ብላ ሻጩን በሹክሹክታ ጠየቀችው።

"ሞልቷል እናቴ፤ ግን ለምን ሥራ..."

"ስጠኝ ብቻ!"

ቀስ ብሎ ከቆረጠ እጇን ለመሳብ ጊዜ ታገኛለች ብላ ነበር። ቤት ሲደርሱ ማሸጊያውን ራሷ ቀዳ ስለቱን ብቻ አቀበለቻት። ልጅቷም ጀማሪ ናት፤ አልለየችውም።

የእናትየው ወንድም ተሰናብቶ ወደ ደጃፉ አመራ። ልጅቷ የመጋዙን ገመድ መጠቅለል ጀመረች። እናትየው ገመዱን ያዝ አደረገችው።

"እኔ ነኝ" አለች፣ ማሸጊያውን ከኪሷ አውጥታ። "ስለቱን የለወጥኩት እኔ ነኝ። ጣትሽን ፈርቼ..."

ልጅቷ ሥዕሉን አየች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"ሲስቅብኝ እኮ እዚሁ ቆመሽ ነበር እማዬ።"

እናትየው ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

"ጥሪውና ንገሪው" አለች ልጅቷ።

እናትየው ወንድሟን ደጃፉ ላይ ደረሰችበት። "የልጅቷ እጅ አይደለም" አለችው ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። "የብረት መቁረጫ ደብቄ የሰጠኋት እኔ ነኝ።"

በሩን ተደግፎ እስኪያለቅስ ሳቀ። "እህቴ ሙች! ከእንግዲህ ሹካም ስትገዢ ጥርሱ ያነሰ በዪ!"

ሌላ ቀን ቢሆን አፉን ታስይዘው ነበር። ዛሬ ግን ቀልዱን ተቀበለችው። "ይቅርታ በላት" አለችው ብቻ።

"ይቅርታ የኔ ልጅ!" ብሎ ወደ ውስጥ ጮኸና ወጣ።

ልጅቷ ገመዱን መጠቅለሏን ቀጠለች።

"ነገ አብረን ሄደን ትክክለኛውን እንግዛ?" አለች እናትየው፣ በሩን ሳትለቅ።

"ብቻዬን እሄዳለሁ።"

እናትየው ለጥፋቷ የምትክስበት ሌላ ነገር አልነበራትም። የበሩን ቁልፍ አዞረች። ተቆልፎ ካበቃ በኋላም እጇን እላዩ ላይ አድርጋ ቆየች፤ ፊቷን ወደ ልጇ ማዞር አቅቷት።